ግራጫው ከምን ተሠራ

ሚዛን አማን ላይ ፎቶ ቤት የያዘ ሰው ከመሸ በኋላ በሩ ሲንኳኳ ምን እንደመጣ ሳይከፍት ያውቃል። የሰርግ፣ የፓስፖርት፣ የሥራ ማመልከቻ ፎቶ በቀን ይመጣል። በማታ የሚመጣው ሰው የሞተበት ነው። ነገ ቀብር አለ፤ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጥ፣ አልቃሾች ከፍ አድርገው የሚይዙት ትልቅ ፎቶ ያስፈልጋል። የተገኘው ግን ከቀበሌ መታወቂያ የተላጠ ጉርድ ፎቶ፣ ወይም ከአልበም ወጥቶ ጥግ ጥጉ የተበላ ወረቀት ነው። የምንቀብራቸው አዛውንቶች በወጣትነታቸው የተነሱት በጥቁርና ነጭ ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት ከሚመጡልኝ ፎቶዎች ብዙዎቹ ቀለም የላቸውም።

ያ ፎቶ ከቀብር በኋላ ወደ ቤት ይገባል። እስከ አርባው፣ እስከ ሙት ዓመቱ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፤ ከዚያም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አያታቸውን በአካል ያላዩ ልጆች “አያታችን” ሲሉ የሚያዩት ያን ወረቀት ነው። ለጥቁርና ነጭ ፎቶ ምን ዓይነት ፕሪንተር ልግዛ የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ የነሳኝ በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ካየሁና ካተምኩ በኋላ የገባኝ፣ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ማሽኑ ግራጫውን ከምን እንደሚሠራው መሆኑን ነው። ይህን ያስተማሩኝ ደግሞ ከማጂ የመጡ አንዲት እናት ናቸው።

እኚህ እናት የባለቤታቸውን ፎቶ አስጎልተው ወስደው ነበር። ከወራት በኋላ ለገበያ ሚዛን ሲመጡ ፎቶውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘውት መጡ። ቡና ይፍላልዎት ብላቸው እንቢ አሉኝና ፎቶውን ጠረጴዛዬ ላይ ገለጡት። “ልጄ፣ ሥራህ መጥፎ ነው አላልኩም፤ መልኩ ራሱ ነው” አሉኝ። “ግን ማታ መብራት ሲበራ ታሞ ነው የማየው። ጠዋት ደጅ ሳወጣው ይድናል።”

ይዤው ወደ መስኮቱ ሄድኩ። በደመናው ብርሃን ንጹህ ግራጫ ነው፤ ምንም አይወጣለትም። ወደ ጓዳ ወስጄ ኤሌክትሪክ ቆጣቢው አምፖል ሥር ሳስጠጋው ከጉንጩ ሥርና አንገቱ ላይ አረንጓዴ ነገር ተነሳ። በጣም ስስ ነው፤ እሳቸው ባይነግሩኝ አላየውም ነበር። ባለቤታቸውን ለረጅም ዘመን ያዩ ዓይኖች ግን በአንድ ምሽት ለይተውታል። “በሽታው ከፎቶው ነው እማማ” አልኳቸው፤ ሌላ የምለው አላገኘሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየፎቶ ቤቱ የተለመደው ፕሪንተር ስድስት ቀለም አለው፦ ጥቁር፣ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ እንዲሁም የሲያንና የማጀንታ ፈዛዞች። ግራጫ የለውም። የጥቁርና ነጭ ፎቶ ደግሞ አብዛኛው ገጹ ግራጫ ነው። ማሽኑ ጥቁሩን ብቻ አራርቆ ቢረጨው ግንባርና ጉንጭ ላይ ነጠብጣቡ ለዓይን ይታያል፤ ስለዚህ ሲያን፣ ማጀንታና ቢጫን ደባልቆ ግራጫ ያስመስላል። ኮምፒውተሩ ላይ “ግሬይስኬል” የሚለውን ብትመርጡም ፎቶ ወረቀት ላይ አብዛኛው ማሽን ከዚህ ልማዱ አይመለስም። ሦስቱ ቀለማት ግራጫውን የሚሸከሙት ሰዎች ወሳንሳ እንደሚሸከሙት ነው፤ እኩል እስከተራመዱ ድረስ በሽተኛው አይነቃነቅም፣ አንዱ ሲደክመው ግን ወሳንሳው ወደዚያ ያጋድላል። የፀሐይ ብርሃንና የአምፖል ብርሃን ውስጣቸው አንድ ስላልሆነ፣ በአንዱ ሥር የተስተካከለው ድብልቅ በሌላው ሥር ይዛነፋል። ይህ የአንድ ፋብሪካ ጉድለት አይደለም፤ ግራጫን ከሌላ ቀለም ለሚሠራ ማሽን ሁሉ የሚደርስ ነው።

በጨለማ ክፍል የታጠበው የድሮ ፎቶ ይህ ችግር አልነበረበትም። ምስሉ የብር ቅንጣት ነው። ጥቁሩም ግራጫውም ያው ብር ሆኖ ልዩነቱ የብዛት ብቻ ስለሆነ፣ ሲያረጅም በአንድነት ያረጃል። አጣቢው ቸኩሎ ኬሚካሉን በደንብ ያላስለቀቀው ፎቶ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ቢሆንም ሰውየው አይታመምም። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በአጼ ምኒልክ ዘመን ያነሷቸውን ፎቶዎች ዛሬም ስናይ የሹማምንቱ ፊት ከነግርማው አለ።

የእኛም አገር ቢሆን በብር የተጻፈ ታሪክ አለው። በ1890 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከካፋ ተነስቶ ዛሬ ቱርካና ወደምንለው ሐይቅ ሲወርድ፣ አብሮት የተጓዘው ሩሲያዊ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ካሜራ ይዞ ነበር። ፎቶዎቹ በ1900 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ወጥተዋል። በኋላም ማጂ የእንግሊዝ ቆንስላ መቀመጫ ሆና አርኖልድ ሆድሰን የሚባለው ቆንስል ስለ አገሩ መጻሕፍት ጻፈ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ የፍራንክፈርቱ የፍሮቤኒየስ ተቋም ተመራማሪዎች ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ መጡ፤ አንዱ የሆነው አይከ ሃበርላንድ በማጂ አካባቢ ስለሚኖረው የዲዚ ሕዝብ ሰፊ መጽሐፍ ትቷል። ማጂ ላይ የአሜሪካ ሚሲዮኖችም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ያነሱት ሁሉ አሁን በስልክ እየተላከ ወደ አገሩ ይመለሳል። አንድ ወጣት “የአያቴ ወንድም ነው ይላሉ፣ አትምልኝ” ብሎ ስልኩን ሲያቀብለኝ፣ ከአውሮፓ መዝገብ ቤት ዞሮ የመጣ ፊት እጄ ላይ ነው። ያንን ፊት አረንጓዴ አድርጌ መስጠት አልፈልግም።

ለደንበኛ ተናግሬው የማላውቀው ነገር አለ። የአባቴ አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያለን። የመታወቂያ ጉርድ ነው፤ የማህተሙ ግማሽ ክብ ትከሻው ላይ ቀርቷል። እኔ ሳላውቀው ስለሞተ አባቴ ማለት ለእኔ ያ ወረቀት ነው። አዲስ ፕሪንተር ወይም አዲስ ቀለም ስሞክር ሻጩ በናሙና የሚያሳየኝን አበባና በቀቀን አልፌ የአባቴን ፎቶ አትማለሁ። ማን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ እንዳይኖር ማህተሙ ያለበትን ጎን ከሙከራው ቅጂ ላይ ቆርጬ አውጥቼዋለሁ። የማሽን ብቃት የምመዝንበት መሣሪያ ይህ መሆኑን ስጽፈው ትንሽ ይከብደኛል፤ ግን ከዚህ የተሻለ ሚዛን የለኝም። የእኚያን እናት ቅሬታ ከሥሩ እንድይዘው ያደረገኝም እሱ ነው። እኔም ማታ ማታ አባቴን ታሞ ሳየው ኖሬያለሁ ማለት ነው፤ ስም አላወጣሁለትም እንጂ።

ሁለተኛዋ የሙከራ ፎቶዬ ነጠላ የለበሰች ሴት ናት፤ ከዚህ የከበደ ፈተና ለፕሪንተር አይገኝም። በአንድ ወረቀት ላይ እጅግ ነጭ የሆነ ፈትልና ጠይም ፊት፣ ከሻሹ ሥር የወጣ ጥቁር ጸጉር አሉ። ያተምኩትን መስኮት ሥር ይዤ መጀመሪያ ትከሻዋ ላይ ያለውን ነጠላ አያለሁ፤ የሽመናው መስመር ካለ ፈዛዛ ግራጫው እየሠራ ነው፣ ባዶ ነጭ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ ስስ ቀለም አጥሮታል። ቀጥሎ የዓይኗን ጉድጓድ አያለሁ። ጠይም ፊት ላይ የመልክ ምሥጢሩ ያለው ከመካከለኛው ግራጫ ወደ ጥቁሩ በሚወርደው ቁልቁለት ነው፤ ያ ቁልቁለት ባንድ ጊዜ ከተቆረጠ ዓይኗ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል፣ ሴትዮዋም ትጠፋለች። ሻጮች በኩራት የሚጠሩት 5760 በ1440 የሚባለው የነጥብ ጥግግት ስለዚህ ነገር ምንም አይነግራችሁም።

በዚህ ዓይን ስታዩት ገበያ ላይ ያሉት ማሽኖች ይለያያሉ። ኤፕሰን ኤል 805ና ትልቁ ኤል 1800 ባለ ስድስት ቀለም ናቸው፤ ለባለቀለም ፎቶ የቆረጡ ሠራተኞች ሲሆኑ ግራጫ ግን የላቸውም። በኋላ የመጡት ኤል 8160ና ኤል 8180 ከፎቶ ጥቁሩ ሌላ ግራጫ ቀለም ተጨምሮላቸዋል፤ ካነንም ጂ 640 በሚባለው ባለ ታንክ ማሽን ግራጫ ጨምሯል። አንድ ግራጫ መጨመሩ ጥቂት ይመስላል፤ ሲያን፣ ማጀንታና ቢጫ ይሸከሙት የነበረውን አብዛኛውን ጭነት ግን ከላያቸው ያወርዳል። ከእነዚህ በላይ ያሉት በደቃቅ ቅንጣት ቀለም የሚያትሙት የፒግመንት ማሽኖች ናቸው፤ እንደ ኤፕሰን ፒ 700ና ፒ 900፣ ወይም እንደ ካነን ፕሮ-300። አሥር ዓይነት ቀለም አላቸው። ኤፕሰኖቹ ከጥቁሩ በተጨማሪ ግራጫና ፈዛዛ ግራጫ ሲይዙ፣ ለጥቁርና ነጭ ብቻ የተዘጋጀ የኅትመት ስልትም አላቸው። ኤፕሰን ይህን ሦስት ደረጃ ያለውን ጥቁር በ2005 እ.ኤ.አ. አር 2400 በተባለው ማሽን ሲያወጣ ነው ጥቁርና ነጭ አታሚዎች ከጨለማ ክፍል በሰፊው መውጣት የጀመሩት። ከዚያ ቀደም ብሎ ጆን ኮን የሚባል አሜሪካዊ አታሚ ባለቀለሙን ሁሉ አውጥቶ የማሽኑን ቋቶች በተለያየ ደረጃ በቀጠነ የካርቦን ጥቁር የመሙላትን ዘዴ አምጥቶ ነበር። ካርቦኑ ጥላሸት ነው፤ እንደ ብሩ ሁሉ አንድ ነገር ስለሆነ ፊትን አያዛንፍም።

ልቤ የት እንዳለ ግልጽ ነው። ፒ 700ን ተመኝቼ ዋጋውን እየጠየቅኩ ብዙ ጊዜ አሳልፌያለሁ። ግን ቀለም የሚመጣልኝ ከአዲስ አበባ፣ በጅማና በቦንጋ በኩል 560 ኪሎ ሜትር አካባቢ ተጉዞ ነው። የፒ 700 አንዱ ካርትሬጅ 25 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ የፕሮ-300 ደግሞ 14.4 ብቻ። የኤል 805 ጠርሙስ 70 ሚሊ ሊትር ነው። ከአሥሩ ካርትሬጅ አንዱ በቀብር ዋዜማ ቢያልቅ ማሽኑ ይቆማል፣ መኪናው ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው የሚመጣው። ለለቅሶ “ነገ ና” አይባልም። ስለዚህ ሱቄ ውስጥ ያስገባሁት ግራጫ ያለውን ባለ ታንክ ማሽን ነው።

የቀረው ጥያቄ ዕድሜው ነበር። ባለ ታንኮቹ ለፎቶ የሚረጩት ዳይ ነው፤ ውሃ ውስጥ እንደሟሟ ስኳር ቅንጣት የሌለው ቀለም። ፒግመንት ግን ወረቀቱ ላይ የሚቀመጥ ደቃቅ ቅንጣት ስለሆነ ብርሃንም አየርም ቶሎ አይበግረውም። ዳይ እንዴት እንደሚደክም ለማየት አንድ ናሙና መስኮት ላይ፣ አንዱን የማድ ቤቱ በር አጠገብ፣ አንዱን ደግሞ መስታወት ውስጥ አድርጌ ሳሎን ሰቀልኩ። በየጎናቸው በርካሽ ኮምፓቲብል (የሌላ አምራች) ቀለም የታተመ አብሮ ተሰቀለ፤ የሁሉንም ግማሽ በካርቶን ሸፈንኩት። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ካርቶኑን ሳነሳ በኮምፓቲብሉ የታተሙት ከካርቶኑ ሥር ካለው ግማሽ ጋር እንደ ሁለት ሰው ሆነው ነበር፤ መስኮት ላይ የነበረው ወደ አረንጓዴ፣ ጭሱና አየሩ የሚያገኘው ወደ ቀይ ሸሽቷል። በኦርጅናሉ የታተመው ማድ ቤት አጠገብ ትንሽ ተነካ፤ መስታወት ውስጥ ያለው ግን ልዩነቱን እኔም ለይቼ ማየት አቃተኝ።

የማድ ቤቱ ውጤት ለዓለም አዲስ አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. ኤፕሰን ስታይለስ ፎቶ 1270 ሲወጣ አንዳንድ ሰዎች ያተሙት ፎቶ ግድግዳ ላይ በአጭር ጊዜ ብርቱካን ሆኖባቸው ብዙ ተባለ፤ ምክንያቱ አየር ውስጥ ያለ ኦዞን ሲያኑን መብላቱ ነበር። ቶሎ የሚደርቀው አብረቅራቂ ወረቀት ገጹ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ አየሩን እስከ ቀለሙ ያስገባዋል። እኛ ጋ ደግሞ ምድጃው ይጨሳል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ፎቶው ያለ መስታወት ምስማር ላይ ይሰቀላል። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ብቻውን አልሰጥም፤ መስታወት ያለው ፍሬም አብሬ አዘጋጃለሁ፣ አቅም ከሌለ ላሚኔት አደርገዋለሁ። በፍሬሙ ውስጥ ዙሪያውን የካርቶን ጠርዝ አስገባለሁ። ሚዛን በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ መስታወቱን የነካ ፎቶ በክረምቱ እርጥበት ይጣበቅና ሲነሳ ፊቱን መስታወቱ ላይ ትቶ ይወጣል። ይህንን ያየ ሰው አይረሳውም።

እርጥበቱ ወረቀቱን ይጉዳ እንጂ ለማሽኑ ደግ ነው። ደረቅ አገር ያሉ ባልንጀሮቼ ቀለም የሚረጨው የፕሪንተሩ ሄድ እየደረቀ ሲዘጋባቸው እኔ በክረምት ብዙም አይቸግረኝም፤ የምፈራው በበጋ፣ ቡና ለቀማው አልቆ ነፋሱ ሲደርቅ ነው። በየጠዋቱ የቀለም ቀዳዳዎቹን የሚፈትሸውን ኖዝል ቼክ አትማለሁ፤ ግራጫዋ መስመር ላይ አንዲት ክፍተት ካለች የዚያን ቀን ፊት አላትምም። መብራት ድንገት ሲጠፋ ሄዱ ሳይከደን በቦታው እንዳይቀር ዩፒኤሱን ለኮምፒውተሩ ብቻ ሳይሆን ለፕሪንተሩም አድርጌዋለሁ። የወረቀቱን እሽግ ደግሞ ከፍቼ አላሳድርም።

በዚህ ሁሉ መሃል የሚያጽናናኝ የአንድ ሙዚቀኛ ታሪክ አለ። ግራሃም ናሽ የፎቶ ወዳጅ ነበር፤ የቀደሙ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎቹ ነጋቲቭ ጠፍቶበት ትንንሽ ቅጂዎች ብቻ ቀሩት። እነዚያን አሳድጎ ለማተም ሲፈልግ ነው አይሪስ 3047 የተባለውን፣ ለማተሚያ ቤቶች የቀለም ናሙና ማውጫ የተሠራውን ግዙፍ ኢንክጄት የገዛው፤ በ1991 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የከፈተው ናሽ ኤዲሽንስ በዲጂታል የፎቶ ኅትመት ቀዳሚ ሆነ። ያ ማሽን ዛሬ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ገብቷል። የመጀመሪያዎቹ የአይሪስ ቀለሞችም ቶሎ ይደበዝዙ ነበር። ሰውየውን የገፋው ግን ከማጂ መታወቂያ ይዞ በማታ በሬን የሚያንኳኳውን ሰው የሚገፋው ያው ነገር ነው፤ ትንሽ ቅጂ ቀርታለች፣ ከእሷ ውጭ ሌላ የለም።

የእኚያን እናት ፎቶ በግራጫው ማሽን እንደገና አትሜ መስታወት አስገብቼ ላክሁላቸው፤ መብራት ሥርም ደጅም አይቼው ነው የላክሁት። የአባቴንም እንዲሁ። በዳይ መታተማቸው ግን አሁንም አያስተኛኝም፤ ለግድግዳ ዕድሜ የሚሆነው ፒግመንት ነው። አንድ ፎቶ ቤት ብቻውን ያን ማሽን ሊያሠራ እንደማይችል፣ ካርትሬጁም ሳያልቅ እንደሚያረጅበት ደጋግሜ አስልቻለሁ። ለዚህ ነው ከቴፒ፣ ከጀሙና ከቦንጋ የሙያ ባልንጀሮቼ ጋር ዕቁብ ጥለን አንድ ፒ 900 በጋራ ለመግዛት እየተመካከርን ያለነው። የለቅሶውን እያንዳንዳችን በማታ በየቤታችን እናትማለን፤ ለሙት ዓመትና ለግድግዳ የሚሆነው ፋይል ተሰብስቦ በሳምንት አንድ ቀን በፒግመንት ይታተማል፣ ማሽኑም ሥራ ፈትቶ አይደርቅም። ቦንጋ ለአዲስ አበባ ስለሚቀርብ ቀለሙ ቀድሞ የሚደርሰው እዚያ ነው፤ ለማጂና ለጀሙ ሰው ግን ሚዛን ይሻላል። ማሽኑ የት ይቀመጥ በሚለው ላይ እኔ ሚዛን ይሁን ብያለሁ፣ ቦታውንም አዘጋጅቻለሁ፤ የቦንጋዎቹን መልስ እየጠበቅን ነው።